የቦክስ ፊልም ለታዳጊ ልጅ ይሆናል ወይ? ከማሳየታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ

ጅማ ውስጥ ፊልም ወደ ቤት የሚገባው በፍላሽ፣ በቴሌግራም ወይም በጎረቤት ትልቅ ልጅ ስልክ ነው። ልጁ «ስፖርት ነው እኮ» ይላል። ወላጅም ስፖርት ከሆነ ምን ችግር አለው ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አክተሩ ሰክሮ ሚስቱን ከግድግዳ ጋር ሲያላትማት ሪሞት ፍለጋ ይጀመራል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ መጀመሪያውን ትንሽ አይቶ «ደህና ነው» ይላል። ሌላው ደም ብቻ ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ፖስተሩ ላይ ያለውን ደረጃ አምኖ ይተኛል። የቦክስ ድራማ ግን ከባዱን ነገር ወደ መጨረሻው ያስቀምጣል። የሚጎዳውም ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ ሪንግ ውስጥ ያለው አይደለም።

ይህ መመሪያ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከዚያ በታች ላለ ልጅ መገምገም አያስፈልግም። ጭካኔ ያለበት የቦክስ ድራማ አታሳዩ፣ አለቀ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልጁ የሚያየውን ቅጂ ራሱን ያዙ። አንድ ፊልም ሲኒማ የታየ፣ ለቴሌቪዥን የተቆረጠ እና በኋላ ትዕይንት ተጨምሮበት የወጣ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ርዝመቱን አመሳክሩ። ኢንተርኔት ላይ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተብሎ እጃችሁ ላይ ያለው 1 ሰዓት ከ40 ከሆነ የጎደለ ነገር አለ። ከበለጠ ደግሞ እናንተ ያነበባችሁት ግምገማ ያላየው ነገር ተጨምሯል።

ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያሉበትን ሰዓት ምረጡ። ቤታችሁ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ ወይም ግድግዳው ስስ ከሆነ ኢርፎን አድርጉ፤ የጩኸቱና የስድቡ ድምፅ ብቻውን ይሰማል። ላፕቶፑን ወይም ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሄዶ ግማሹን አይታችሁ ከቀራችሁ፣ ያላያችሁት ግማሽ ነው ጉዱ ያለበት።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የሚገባው ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ። አሥረኛ ክፍል የደረሰችውን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ከታች የሚሄደውን ጽሑፍም ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ ስድቡን አለስልሶ ወይም ዘሎት የሚያልፍ ብዙ ነው።

1. ደረጃውን አንብቡ፣ በደረጃው ግን አትወስኑ

የአሜሪካ ፊልሞች ላይ የምታዩዋቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። «ፒጂ» ማለት ወላጅ ይጠንቀቅ ነው። «ፒጂ-13» እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣ ሲሆን፣ ለ13 ዓመት ያልሞላ ልጅ የማይሆን ነገር ሊኖረው ስለሚችል ወላጅ በጣም ይጠንቀቅ ማለት ነው። ክልከላ አይደለም። «አር» ደግሞ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ እንዳይገባ የሚል ነው። እንግሊዞች 12፣ 15፣ 18 እያሉ በዕድሜ ይለያሉ። እነሱ ጋ 15 የተባለውን ፊልም ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ወላጁ አብሮት ቢሆንም ሲኒማ ገብቶ አያይም።

ፊልሙ ከፍላሽ ሲጫን ደረጃው አብሮ አይመጣም። የፊልሙን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በትክክል ጽፋችሁ ፈልጉ። ስታገኙት ከደረጃው ፊደል አጠገብ ያለችውን አጭር ምክንያት አንብቡ። ከፊደሉ ይልቅ የምትጠቅማችሁ እሷ ናት።

ለምን በፊደሉ አትወስኑ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሳውዝፖ «አር» ነው። የተሰጠው ምክንያት ግን በቅድሚያ ስድቡን፣ ቀጥሎ የተወሰነ ግጭቱን ይጠቅሳል። የ1985ቱ ሮኪ 4 «ፒጂ» ብቻ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ግን አንድ ቦክሰኛ ሪንግ ላይ ተደብድቦ ይሞታል። የ2004ቱ ሚሊዮን ዶላር ቤቢ «ፒጂ-13» ነው። መጨረሻው ላይ ቦክሰኛዋ ሽባ ሆና፣ አሰልጣኟ ሕይወቷን እንዲያቋርጥላት ትለምነዋለች። መጨረሻውን ስለነገርኳችሁ ይቅርታ። ወላጅ ግን መጨረሻውን ሳያውቅ ማሳየት የለበትም። እንግሊዝኛ ለማይሰማ የ14 ዓመት ልጅ ከሦስቱ ቀላሉ ምናልባት «አር» የተባለው ነው ብትሉኝ ብዙ አልከራከርም፤ እሱም ቢሆን የሚስት ሞት አለበት።

2. ከፊልሙ በፊት ስለ ልጁ ጻፉ

ዕድሜ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን መልሱ።

- በቅርብ ቤተሰብ ውስጥ ሞት ነበር? አሟሟቱስ ድንገተኛ ነበር?
- ልጁ ቤት ውስጥ ድብደባ አይቶ ያውቃል? እሱ ራሱስ ይመታል?
- ትምህርት ቤት በጠብ ተከሶ ያውቃል? ወይስ የሚደበደበው እሱ ነው?
- እንቅልፉ እንዴት ነው?
- ቦክስ፣ ቴኳንዶ ወይም ሌላ የፍልሚያ ስፖርት ይሠራል?
- ክብደቱና ቁመናው የሚያሳስበው ልጅ ነው?
- የሚጥል በሽታ አለበት?

የመጨረሻው እንዳያስገርማችሁ። የቦክስ ፊልም ውስጥ የካሜራ ፍላሽ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም የሚልበት ትዕይንት የተለመደ ነው። በብርሃን ብልጭታ የሚነሳባቸው ልጆች አሉ። ሐኪሙ እንዲህ ካላችሁ ፊልሙን እዚሁ ላይ ተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁን «ትፈራለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የትኛውም የ13 ዓመት ወንድ ልጅ «አዎ» አይልም።

3. እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘሉ እዩ

ገጹን በሦስት ክፈሉት፤ ደቂቃው፣ የሆነው ነገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው። ሦስተኛዋን ባዶ አትተዉ፤ ውሳኔው የሚወጣው ከእሷ ነው። ለምሳሌ፦ «47ኛ ደቂቃ። አሰልጣኙ ልጁን በጥፊ መታው። ልጁ አመሰገነው፣ ሙዚቃው ከፍ አለ።» ይህ ማስታወሻ «ጥፊ አለ» ከሚለው በጣም ይለያል።

የልምምዱን ክፍል አትዝለሉ። ሙዚቃ ያለበት፣ አክተሩ ገመድ የሚዘልበት፣ ሁሉም ሰው ተነስቶ ሻይ የሚቀዳበት ክፍል ነው። ነገር ግን ልጆች ወዲያው የሚኮርጁት እዚያ ያለውን ነው። ቦክሰኛው ክብደት ለመቀነስ ውሃ አይጠጣም፣ ፕላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ እንፋሎት ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ነፃ ትግል ስፖርተኞች በዚህ ዓይነት ክብደት መቀነስ ሞተዋል። ፊልሙ ይህን እንደ ጀግንነት ብቻ ካሳየው ደቂቃውን አስምሩበት።

ዐይናችሁ ከደከመ አቁማችሁ ነገ ቀጥሉ። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ግን ከመተኛታችሁ በፊት እንቅልፍ እየታገላችሁ አትዩት።

4. ሪንግ ውስጥ ያለውን መዝኑ

ደሙን ሳይሆን ቡጢው የሚያስከፍለውን ዋጋ ተመልከቱ። አፍንጫው የደማ ሁሉ አስጊ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያልደማው ነው። ሰውዬው እንደ ግንድ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በማግስቱ ፀጉሩን አበጥሮ ቁርስ ሲበላ የሚያሳይ ፊልም ለታዳጊ ልጅ ውሸት እያስተማረ ነው።

እውነተኛውን ውድድር ማወቅ እዚህ ይጠቅማችኋል። የፕሮፌሽናል ወንዶች የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ነው። እያንዳንዱ ዙር 3 ደቂቃ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ድሮ 15 ዙር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የደቡብ ኮሪያው ኪም ዱክ-ኩ ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ በ14ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ፣ ከቀናት በኋላም ሞተ። የዓለም የቦክስ ካውንስል ዙሩን ወደ 12 የቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው ያቆማል፣ ሐኪም ይመረምራል፣ አሰልጣኝ «በቃ» ይላል። ከሚሰነዘረው ቡጢ ብዙው ይስታል ወይም በጓንት ይመከታል። ፊልም ላይ ሁሉም ያርፋል፤ ድምፁም ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው።

እያያችሁ እነዚህን ጠይቁ። ዳኛው ሲያቆም ፊልሙ ዳኛውን ጠላት ያደርገዋል? ግጥሚያው ይቁም ብሎ ፎጣ የወረወረው አሰልጣኝ ፈሪ ተብሎ ይሰደባል? ያበጠ ዐይን በምላጭ ተቀዶ ሰውዬው ወደ ሪንግ ሲመለስ ሕዝቡ ያጨበጭባል? በቀስታ እየተደገመ በሚታየው ምራቅና ደም ካሜራው ታሪኩን ከመግፋት ይልቅ እየተዝናና ነው? ከእነዚህ ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ፊልሙ ያለ ትልቅ ሰው አይታይም።

ስለ ጭንቅላት ምት ደግሞ ይህን ያዙ፤ ልጃችሁ ኋላ ይጠይቃችኋል። አንጎል የሚጎዳው ራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ ነው። ለመጎዳት ራስን መሳት ግድ አይደለም። የመጀመሪያው ምት ሳይድን ሁለተኛ መመታት በተለይ ለወጣት አደገኛ ነው። ፊልሙ ላይ አክተሩ ሁለት እያየ ሲቀጥል፣ እውነቱ ይህ መሆኑን መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

5. ከሪንግ ውጭ ያለውን የበለጠ መዝኑ

ሪንግ ውስጥ ሕግ አለ፣ ጓንት አለ፣ ደወል አለ። ቤት ውስጥ የለም። የቦክስ ድራማ ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ አስከፊውን ትዕይንት ሳሎንና ወጥ ቤት ያደርጉታል።

ባል ሚስቱን ሲመታ «መታት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቀጥሎ ያለውን አሥር ደቂቃ እዩ። የሴትዮዋ ፊት ይታያል? ልጆቹስ? ትሄዳለች ወይስ በሚቀጥለው ትዕይንት ግጥሚያው ላይ እያጨበጨበች ነው? እሱ ይቅርታ የሚያገኘው ተለውጦ ነው ወይስ አሸንፎ? በድል የተገዛ ይቅርታ ለኔ የቦክስ ፊልም ውስጥ ካለው ሁሉ መጥፎው ነገር ነው። ጥርስ ከመውለቁ ይብሳል። በተለይ እንዲህ ያለውን በዐይኑ ያየ ልጅ፣ አባቱን ለማስታወስ ብዙ አይቸገርም።

የ1980ው ሬጂንግ ቡል በጄክ ላሞታ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሰውዬው ቤቱን ሲያፈርስ ያሳያል፣ አያሞግሰውም። ትልቅ ሰው ይህን ይረዳል። የ13 ዓመት ልጅ ግን ከፊልሙ ይዞ የሚወጣው ቅናቱንና ቡጢውን ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን 17 ሲሞላው፣ አብሬው ተቀምጬ።

ሌሎቹን በፍጥነት፦ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ፣ ወሲብ፣ ራስን ማጥፋት፣ በዘር መሰዳደብ። እያንዳንዱን በደቂቃው ጻፉ። ውርርድን ግን አትርሱ። የቦክስ ፊልም ያለ ገንዘብ ውርርድ አይሄድም፣ እኛ ሰፈር ደግሞ የስፖርት ውርርድ ቤት ያለበትን ልጆቹ ከእኛ የተሻለ ያውቁታል። በአንድ ምሽት ዕዳውን ሁሉ የሚከፍል ጀግና ካለ በማስታወሻችሁ ውስጥ ይግባ።

6. ወስኑ

ማስታወሻውን ደምራችሁ አታካፍሉ። አንድ ከባድ ትዕይንት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከአራቱ አንዱን ምረጡ፦ ብቻውን ይየው፤ ከኔ ጋር ይየው፤ ዘንድሮ አይሆንም፤ ፈጽሞ አይሆንም።

የኔ መስመር ይህ ነው፣ የእናንተ ሊለይ ይችላል። ራስን ማጥፋት ወይም ሕይወት ማቋረጥ እንደ መፍትሔ የሚቀርብበት ከ16 በታች አይሆንም። የቤት ውስጥ ድብደባ ያለ ዋጋ የሚያልፍበት ከ15 በታች አይሆንም፣ ከዚያም በላይ ለሆነ ከወላጅ ጋር ብቻ። ሪንግ ውስጥ ሞት ያለበት፣ ሐዘኑ በደንብ ከታየ፣ ለ13 ዓመት ልጅ ከወላጅ ጋር ይቻላል። ቤቱ ውስጥ ሐዘን ከገባ ገና ዓመት ካልሞላው ግን ይቆይ።

መጥፎውን ቦታ እያሳለፍኩ አሳያለሁ አትበሉ። ያሳለፋችሁትን ደቂቃ ልጁ በቃሉ ይይዛል። ነገ ፍላሹን ይዞ ጓደኛው ቤት ነው።

7. እያሳያችሁ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥሩ ነው፤ ከመኝታ በፊት አይሁን። ታናናሾቹን አክስታቸው ቤት ላኩ። ሪሞቱ እናንተ ጋ ይሁን። አስቀድማችሁ ምልክት ባደረጋችሁበት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አቁሙ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ቀጥሉ። «አሁን ዳኛው ማቆም ነበረበት?» ይበቃል። ስብከት ከጀመራችሁ ልጁ ፊልሙን ሳይሆን እናንተን መሸሽ ይጀምራል።

መብራት ከሄደስ? ይሄ ጅማ ነው፣ ይሄዳል። በከባዱ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ልጁን እዚያው አትተዉት። ቀጥሎ የሚሆነውን በአፋችሁ ንገሩት። «ሆስፒታል ይገባል፣ ይተርፋል፣ ሚስቱ ትመጣለች።» ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይቀጥል። ያለዚያ ሌሊቱን መጨረሻውን ራሱ ሲፈጥር ያድራል፤ እሱ የሚፈጥረው ደግሞ ከፊልሙ የባሰ ነው።

8. ነገሩ ሲበላሽ

*ቪዲዮ ቤት ወይም ጓደኛው ስልክ ላይ አስቀድሞ ካየው።* አትጩኹ። «እስቲ ታሪኩን ንገረኝ» በሉት። የት ጋ እንደሚቸኩል፣ የት ጋ እንደሚስቅ፣ የትኛውን እንደሚዘል አዳምጡ። የዘለለው ነው ያስጨነቀው።

*«ጓደኞቼ ሁሉ አይተውታል» ካለ።* ሊሆን ይችላል። «እሺ፣ እኔ ገና አላየሁትም። እስከ ቅዳሜ ስጠኝ» በሉት። ቀን ከቆረጣችሁ አክብሩት። ካላከበራችሁ የሚቀጥለውን አይጠይቃችሁም።

*አባትና እናት ካልተስማሙ።* ከልጁ ፊት አትከራከሩ። ማስታወሻውን አብራችሁ አንብቡ፤ ያላየው ወገን ምልክት የተደረገባቸውን ቦታዎች ይይ። ከዚያም ካልተስማማችሁ የጠንቃቃው ሐሳብ ይጽና፣ ፊልሙ የትም አይሄድም።

*ካየ በኋላ ካልተኛ ወይም ታናሹን መምታት ከጀመረ።* ለጥቂት ቀን መረበሽ ያለ ነው። አዋሩት፣ ሌላ የፍልሚያ ፊልም አትጨምሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብ ከተወ ወይም ስለ መሞት ካወራ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በተለይ ስለ መሞት ካወራ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

*ጓሮ ውስጥ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከተደባደቡ።* ወዲያው አስቁሙ። ጭንቅላቱን የተመታው ልጅ በዚያ ቀን ኳስም አይጫወት። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳታመነቱ ወደ ሆስፒታል።

*የሌላ ሰው ልጅ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ።* ከዴዶ፣ ከማና፣ ከሰቃ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የእናንተ ፈቃድ ለእነሱ አይሠራም። ለወላጃቸው ደውሉ፣ የፊልሙን ስም ሳይሆን የሚታየውን ንገሩ፦ «ቡጢ አለበት፣ ሰው ይሞትበታል፣ ባል ሚስቱን ይመታል።» እምቢ ካሉ ልጁ በዚያ ሰዓት የሚሄድበትን ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁለት። ከበሩ ውጭ ቆሞ ድምፁን እየሰማ አይጠብቅ።

*«ቦክስ ልጀምር» ካለ።* ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን አሰልጣኙን ሄዳችሁ አነጋግሩ። የጥርስ መከላከያና የራስ መሸፈኛ አለ ወይ? ጀማሪ ከመጋጠሙ በፊት ስንት ወር ይሠራል? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ለምን ያህል ጊዜ ያርፋል? ለመጨረሻው ጥያቄ ከሳቀ ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ።